ለተማሪ ግማሽ ዋጋ፤ ቀሪው ግማሽ ከማን ኪስ ይወጣል?

‹‹ተማሪ ግማሽ ዋጋ ይክፈል›› የሚለውን ሐሳብ በአደባባይ የሚቃወም ሰው ማግኘት አስቸጋሪ ነው፡፡ ወላጅ ይፈልገዋል፣ ተማሪው ይጠይቀዋል፣ ሹሙም ሲያውጀው ጭብጨባ ያገኝበታል፡፡ ጭቅጭቁ የሚነሳው ከአዋጁ በኋላ፣ አውቶቡሱ በር ላይ ነው፡፡ ተማሪው መታወቂያውን አውጥቶ ያሳያል፡፡ ረዳቱ በበኩሉ ማታ ለባለንብረቱ የሚያስረክበውን ገቢ፣ ጠዋት የተሞላውን ነዳጅና ለራሱ የሚተርፈውን ያሰላል፡፡ ስሌቱ አልገጥም ሲለው ‹‹ሞልቷል›› ብሎ በሩን ይዘጋል፤ ወይም ሾፌሩ ዩኒፎርም የለበሰ ልጅ ሲያይ ፌርማታውን አልፎ ይሄዳል፡፡

በዚህን ጊዜ ተማሪው ያገኘው ቅናሽ ‹‹ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ›› ይሆናል፡፡ መብቱ በወረቀት ላይ አለ፤ ትምህርት ቤት የሚያደርሰው መኪና ግን የለም፡፡

ነገሩ የአንድ አገር ችግር ብቻ አይደለም፡፡ የተማሪ ቅናሽ የት ተሳካ፣ የት ከሸፈ ብሎ ለመረዳት የሚያስፈልገው ጥያቄም አንድ ነው፤ ተማሪው ያልከፈለውን ግማሽ ማን ከፈለው? ይህ ጥያቄ በባንግላዴሽ፣ በቺሊ፣ በእንግሊዝና በጀርመን እንዴት እንደተመለሰ ካየን በኋላ ወደ አዲስ አበባ እንመለሳለን፡፡

ዳካ፡ የተባለው ቅናሽና ያልተባለው ከፋይ

የባንግላዴሽ ዋና ከተማ ዳካ በአብዛኛው የምትጓጓዘው በግል አውቶቡሶች ነው፡፡ አሠራሩ ለአዲስ አበባ ሰው እንግዳ አይሆንበትም፡፡ ከባለንብረቶቹ ብዙዎቹ መኪናቸውን ለሾፌርና ለረዳት የሚሰጡት በቀን ውል ነው፡፡ የተወሰነው ገቢ ለባለንብረቱ ይገባል፤ ነዳጅና ልዩ ልዩ ወጪ ይሸፈናል፤ የተረፈው የሾፌሩና የረዳቱ ነው፡፡ ስለዚህ ለአንድ ተማሪ ግማሽ ዋጋ ሲባል መጀመሪያ የሚጎድለው ከባለንብረቱ ድርሻ ሳይሆን ከእነዚህ ሁለት ሰዎች የዕለት እንጀራ ነው፡፡

የግማሽ ዋጋ ጥያቄ በዚያች አገር የቆየ ነው፡፡ አገሪቱ ገና ምሥራቅ ፓኪስታን ትባል በነበረበት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1969 ተማሪዎች ባወጡት ታዋቂ ባለ አሥራ አንድ ነጥብ ጥያቄ ውስጥ የትራንስፖርት ቅናሽ ተካቶ ነበር፡፡ ከዚያ ወዲህ ቅናሹ በልማድ ደረጃ ቀጠለ፤ አንዱ ረዳት ይቀበለዋል፣ ሌላው አይቀበለውም፡፡ እ.ኤ.አ. በ2018 በፍጥነት ሲሽቀዳደም የነበረ አውቶቡስ ሁለት ተማሪዎችን ገድሎ ልጆች የከተማይቱን መንገዶች በዘጉ ጊዜም፣ ካቀረቧቸው ዘጠኝ ጥያቄዎች አንዱ ይኸው ግማሽ ዋጋ ነበር፡፡

ነገሩ የፈነዳው እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2021 ነው፡፡ መንግሥት የአንድ ሊትር ናፍጣ ዋጋ ከ65 ታካ ወደ 80 ታካ ከፍ አደረገ፡፡ ባለንብረቶች አድማ መቱ፤ በድርድሩም የዳካ አውቶቡስ ታሪፍ ከአንድ አራተኛ በላይ እንዲጨምር ተፈቀደላቸው፡፡ ረዳቶች አዲሱን ታሪፍ መሰብሰብ ሲጀምሩ ቀድሞ በልማድ ይሰጥ የነበረውን የተማሪ ቅናሽ ብዙዎቹ ከለከሉ፡፡ ተማሪዎች ወደ ጎዳና ወጡ፡፡

መንግሥት የሰጠው መልስ ሁለት መልክ ነበረው፡፡ በራሱ ይዞታ ሥር ባለው የመንገድ ትራንስፖርት ኮርፖሬሽን አውቶቡሶች ላይ ከዲሴምበር 1 ቀን 2021 ጀምሮ ተማሪ ግማሽ እንዲከፍል ወሰነ፡፡ ይህ ለመንግሥት ቀላል ነበር፤ አውቶቡሱም ኪሳራውም የራሱ ነውና፡፡ የግል ባለንብረቶች ግን በተደረጉት ስብሰባዎች ላይ አንድ ጥያቄ ደጋግመው አነሱ፤ የሚጎድለንን ማን ይተካልናል? ማካካሻ ይሰጠን ብለው ጠየቁ፡፡ የተጨበጠ መልስ ሳያገኙ የተቃውሞው ግፊት በመበርታቱ በመጨረሻ ተስማሙ፡፡ ስምምነታቸው ግን በቅድመ ሁኔታ የታጠረ ነበር፡፡ ቅናሹ በዳካ ከተማ ብቻ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት እስከ ምሽቱ ሁለት ሰዓት፣ በበዓልና በሳምንቱ የዕረፍት ቀን የማይሠራ፣ የትምህርት ቤት መታወቂያ ለያዘ ብቻ ሆነ፡፡

ተማሪዎቹ ‹‹ከዳካ ውጪ ያለነውስ ተማሪ አይደለንም?›› ብለው ጠየቁ፡፡ ጥያቄያቸው ትክክል ነበር፡፡ ባለንብረቶቹ አጥሩን ያጠሩበት ምክንያትም ግልጽ ነበር፡፡ ከኪሱ እንዲከፍል የተጠየቀ ሰው የሚከፍልበትን ሰዓትና ቦታ ያሳጥራል፡፡

ሒሳቡ ሲሠራ

ወደ ቺሊ ከመሻገራችን በፊት ሒሳቡን በምሳሌ እንየው፡፡ አርባ ሰው የሚይዝ አንድ አውቶቡስ አለ እንበል፡፡ ታሪፉ 10 ብር ነው፡፡ ሁሉም ሙሉ ዋጋ ቢከፍሉ በአንድ ጉዞ 400 ብር ይገኛል፡፡ ከአርባዎቹ አሥራ ሁለቱ ተማሪዎች ሆነው አምስት አምስት ብር ቢከፍሉ ገቢው 340 ብር ይሆናል፡፡ የጎደለው 60 ብር ነው፡፡ አውቶቡሱ በቀን አሥር ጊዜ በዚህ ዓይነት ቢመላለስ 600 ብር ጎደለ ማለት ነው፡፡

ይህ ገንዘብ ሊመጣ የሚችለው ከአራት ኪሶች ነው፡፡ አንደኛው የባለንብረቱ፣ የሾፌሩና የረዳቱ ኪስ ነው፡፡ ሁለተኛው ታሪፉ ትንሽ ጨመር ተደርጎበት ተማሪ ያልሆነው ተሳፋሪ የሚከፍለው ነው፡፡ ሦስተኛው ግብር ከፋዩ በመንግሥት በጀት በኩል የሚሸፍነው ነው፡፡ አራተኛው ራሳቸው ተማሪዎቹ ወይም ትምህርት ቤታቸው በጋራ የሚያዋጡት ነው፡፡ አምስተኛ ኪስ የለም፡፡ አንድ ባለሥልጣን ቅናሽ አውጆ ከፋዩን ካልተናገረ፣ አብዛኛውን ጊዜ የመረጠው የመጀመሪያውን ኪስ ነው፡፡

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ማለት ያስፈልጋል፡፡ ቅናሽ ያስከተለው ጉድለት ሁልጊዜ ከላይ ያየነውን ያህል አይሆንም፡፡ አውቶቡሱ ባዶ ወንበር ያለው ከሆነ ነገሩ ይለወጣል፡፡ በሙሉ ዋጋ ቢሆን ኖሮ ከአሥራ ሁለቱ ተማሪዎች አራቱ በእግራቸው ይሄዱ ነበር እንበል፡፡ ያኔ ገቢው ከ28 ጎልማሶችና ከ8 ተማሪዎች የሚሰበሰብ 360 ብር ይሆን ነበር፡፡ በቅናሹ አሥራ ሁለቱም ተሳፍረው 340 ብር ተገኘ፡፡ እውነተኛው ጉድለት 20 ብር ብቻ ነው፡፡ ባለንብረቱ 60 ብር ይተካልኝ ቢል ያላጣውን ጠየቀ ማለት ነው፡፡

አውቶቡሱ ሞልቶ ውጪ ደግሞ ሠልፍ ካለ ግን ሒሳቡ ተመልሶ ይከብዳል፡፡ አምስት ብር ከፍሎ የተቀመጠው ተማሪ፣ አሥር ብር ሊከፍል ተሰልፎ የቆመን ሰው ቦታ ይዟል፡፡ ስለዚህ የመኪና እጥረት ባለበት ከተማ፣ በተለይም ጠዋት ሠራተኛውና ተማሪው በአንድ ሰዓት በሚጋፉበት ጊዜ፣ የተማሪ ቅናሽ ለባለንብረቱ በጣም ውድ ነው፡፡ ረዳቱ ተማሪ ሲያይ ፊቱን የሚያዞረው ክፉ ሰው ስለሆነ ሳይሆን ከኋላው ሙሉ ዋጋ የሚከፍል ሰው ስላለ ነው፡፡

ቺሊ፡ ከጎዳና ወደ ሕግ

ይህን መንገድ ከጫፍ እስከ ጫፍ የተጓዘች አገር ብትኖር ቺሊ ናት፡፡ በዋና ከተማዋ ሳንቲያጎ እስከ 2000ዎቹ አጋማሽ ድረስ የሕዝብ ማመላለሻው በብዙ ግለሰቦች የተያዘ የቢጫ አውቶቡሶች መንጋ ነበር፡፡ የሾፌሮቹ ገቢ ከተሳፈረው ሰው ቁጥርና ከሚከፍለው ዋጋ ጋር የተያያዘ ስለነበር መንገድ ላይ ተሳፋሪ ለመሻማት ይሽቀዳደሙ ነበር፡፡ ተማሪ የሚከፍለው የጎልማሳውን ትንሽ ክፍል በመሆኑ ዩኒፎርም የለበሱ ልጆችን ጥሎ ማለፍ የታወቀ ነገር ነበር፡፡ ለዚያ ትውልድ፣ እጁን ዘርግቶ የማይቆምለትን አውቶቡስ በዓይኑ መሸኘት የልጅነት ትዝታው ነው፡፡

እ.ኤ.አ. በ2006 የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በመላ አገሪቱ ትምህርት አቋርጠው ወጡ፡፡ ጥቁርና ነጭ በሆነው የደንብ ልብሳቸው ምክንያት ንቅናቄው ‹‹የፔንግዊኖች አብዮት›› የሚል ስም ወጣለት፡፡ ከዋና ዋና ጥያቄዎቻቸው አንዱ የተማሪ መጓጓዣ ካርድ ነበር፡፡ በወቅቱ የነበሩት ፕሬዚዳንት ሚሼል ባችሌት በሰጡት መልስ ካርዱ በማንኛውም ሰዓትና ዓመቱን ሙሉ እንዲሠራ፣ ለካርዱ የሚከፈለው ክፍያም ለድሆች ተማሪዎች እንዲቀር ተስማሙ፡፡

በቀጣዩ ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2007፣ ሳንቲያጎ የአውቶቡስ ሥርዓቷን በአንድ ቀን ለወጠች፡፡ ጅማሮው የተዝረከረከ ነበር፤ ሕዝቡ ለወራት ተንገላታ፤ የገንዘብ ጉድለቱም ከፍተኛ ሆነ፡፡ ከዚህ ውዝግብ የወጣው መፍትሔ ግን ለዛሬው ጉዳያችን ትልቅ ትምህርት አለው፡፡ እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው ቁጥር 20.378 የሆነው ሕግ ለሕዝብ ማመላለሻ ብሔራዊ ድጎማ አቋቋመ፡፡ ከዓላማዎቹም አንዱ ተማሪዎች አሳንሰው የሚከፍሉትን ማካካስ መሆኑን በግልጽ አስቀመጠ፡፡ ልማድ ሆኖ የኖረው ቅናሽ ከዚያ በኋላ በየዓመቱ በጀት የሚያዝለት የመንግሥት ዕዳ ሆነ፡፡ ከሳንቲያጎ ውጪ ባሉ ከተሞች ለሚሠሩ ባለንብረቶችም ታሪፍ ዝቅ በማድረግ ግዴታ ላይ የተመሠረተ ድጎማ ይሰጥ ጀመር፡፡ በሥርዓቱ መሠረት የሳንቲያጎ የአንደኛ ደረጃ ተማሪ በነፃ ሲሄድ፣ የሁለተኛ ደረጃና የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የጎልማሳውን ሲሶ ያህል ይከፍላል፡፡

የቺሊ ታሪክ በዚህ አያበቃም፡፡ እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2019 የሳንቲያጎ ሜትሮ በሰው መብዣ ሰዓት የሚያስከፍለው የጎልማሳ ዋጋ ከ800 ፔሶ ወደ 830 ፔሶ ሲጨምር የተማሪው ዋጋ አልተነካም ነበር፡፡ ይሁንና ጣቢያዎቹን ሰብረው ሳይከፍሉ በመግባት ተቃውሞውን የጀመሩት ተማሪዎች ናቸው፡፡ ልጆቹ የተቆጡት በእናትና በአባታቸው ኪስ ነው፡፡ ተቃውሞው አገር አቀፍ ሆነ፤ የአስቸኳይ ጊዜ ታወጀ፤ ጭማሪውም ተሰረዘ፡፡ የተማሪ ቅናሽ ከቤተሰቡ ጠቅላላ ወጪ ተነጥሎ ሊታይ እንደማይችል ያ ወቅት አሳይቷል፡፡ የአሥር ብሩን አምስት ያደረግንለት ልጅ፣ አባቱ ለሥራ ለመሄድ በየቀኑ የሚከፍለው ከተደራረበ፣ የቤቱ ሸክም አልቀለለለትም፡፡

ለንደን፡ ሾፌሩን የማይመለከተው ሒሳብ

በለንደን ከ16 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ በከተማ አውቶቡስ በነፃ ይሄዳሉ፡፡ በቀጣዩ ዓመት ዕድሉ ትምህርት ላይ ላሉ የ16 እና የ17 ዓመት ወጣቶች ተሰጠ፡፡ ልጁ ፎቶው ያለበትን ካርድ ማሽኑ ላይ ያስነካል፤ ሾፌሩም መንገዱን ይቀጥላል፡፡

ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር የለንደን ቀይ አውቶቡሶች የሚንቀሳቀሱት በግል ኩባንያዎች መሆኑን ነው፡፡ ታዲያ የዳካ ባለንብረት ያማረረበትን ነገር የለንደኑ ኩባንያ ለምን አላማረረበትም? መልሱ ውሉ ውስጥ ነው፡፡ ኩባንያዎቹ መስመር የሚይዙት በጨረታ ነው፡፡ የከተማይቱ የትራንስፖርት ባለሥልጣን አውቶቡሱን በተባለው መስመር፣ በተባለው ሰዓት ስላንቀሳቀሱ ይከፍላቸዋል፡፡ ከተሳፋሪው የሚሰበሰበው ገንዘብ ደግሞ በቀጥታ ወደ ባለሥልጣኑ ይገባል፡፡ አውቶቡሱ ውስጥ ስድሳ ሕፃናት በነፃ ቢሳፈሩ ወይም ስድሳ ጎልማሶች ሙሉ ዋጋ ቢከፍሉ የሾፌሩ ደመወዝ አንድ ነው፡፡ ስለዚህ ተማሪ ጥሎ የሚያልፍበት ምክንያት የለውም፡፡

ወጪው ግን ጠፋ ማለት አይደለም፤ ከአውቶቡሱ በር ተነስቶ ወደ ከተማው አስተዳደር ጠረጴዛ ሄደ እንጂ፡፡ እ.ኤ.አ. በ2020 በኮቪድ ምክንያት ተሳፋሪ ሲጠፋና የለንደን ትራንስፖርት ገቢ ሲደርቅ ይህ በግልጽ ታየ፡፡ ማዕከላዊው መንግሥት በሜይ ወር 1.6 ቢሊዮን ፓውንድ የሚደርስ ድጋፍ ሲፈቅድ፣ ካስቀመጣቸው ቅድመ ሁኔታዎች አንዱ ከ18 ዓመት በታች ላሉት የሚሰጠው ነፃ ጉዞ ለጊዜው እንዲቆም የሚል ነበር፡፡ ወላጆች፣ ትምህርት ቤቶችና የከተማው ከንቲባ ሳዲቅ ካን ተቃወሙ፡፡ ከወራት ክርክር በኋላ በዓመቱ መጨረሻ በተደረሰ ስምምነት ነፃ ጉዞው እንዲቀጥል ተወሰነ፤ ነገር ግን ‹‹ከፈለጋችሁት ገንዘቡን ራሳችሁ ፈልጉ›› በሚል መንፈስ ነበር፡፡ ከንቲባው እ.ኤ.አ. በ2021 ከቤት ባለይዞታዎች በሚሰበሰበው የአካባቢ ግብር ላይ በአማካይ ቤት በዓመት 15 ፓውንድ ጨመሩ፡፡ ገንዘቡ ለልጆቹና ዕድሜያቸው ከ60 ዓመት በላይ ለሆኑ ነዋሪዎች ለሚሰጠው ነፃ ጉዞ መሆኑም በግልጽ ተነገረ፡፡

የለንደን ነዋሪ በዚህ ዓመት የሕፃናቱ ነፃ ጉዞ ለራሱ ቤት ስንት እንደሚያስወጣ በግብር ወረቀቱ ላይ አነበበ፡፡ ደስ ያለውም ይኖራል፣ ያጉረመረመም ይኖራል፡፡ ቢያንስ ግን ክርክሩ የተካሄደው ሒሳቡን በሚያውቁ ሰዎች መካከል ነው፡፡

ጀርመን፡ ቀመርና ማዋጣት

ጀርመኖች ነገሩን የፈቱት በቀመር ነው፡፡ ከ1970ዎቹ ወዲህ በሥራ ላይ የዋለው የመንገደኞች ማጓጓዣ ሕጋቸው፣ ለተማሪዎችና ለሙያ ሠልጣኞች ቅናሽ ካርድ የሚሸጥ የትራንስፖርት ድርጅት ማካካሻ እንዲያገኝ ይፈቅዳል፡፡ ድርጅቱ ከተማሪ ካርድ ያገኘው ገቢ፣ ተማሪዎቹን ለማጓጓዝ ይፈጃል ተብሎ ከተሰላው አማካይ ወጪ ጋር ይነፃፀራል፤ ከልዩነቱ ግማሹን መንግሥት ይከፍላል፡፡

እያንዳንዱ ልጅ ስንት ጊዜ እንደተሳፈረ መቁጠር አስቸጋሪ በመሆኑ ደንቡ የታሰበ ቁጥር አስቀመጠ፡፡ አንድ የወር ካርድ የያዘ ተማሪ በቀን 2.3 ጉዞ፣ በወር 26 ቀን እንደሚጓዝ ተደርጎ ይሰላል፡፡ ቁጥሩ የእያንዳንዱን ልጅ ውሎ በትክክል አይገልጽም፤ ነገር ግን ድርጅቱም ሆነ መንግሥት አስቀድመው ያወቁት ስለሆነ በየወሩ ከመጨቃጨቅ አድኗቸዋል፡፡ እ.ኤ.አ. ከ2007 ወዲህ ክልሎች ይህን አሠራር በራሳቸው ሕግ መተካት ተፈቅዶላቸዋል፡፡

የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ደግሞ ሌላ መንገድ አላቸው፡፡ እ.ኤ.አ. በ1991 በዳርምሽታት ከተማ የተጀመረው የሴሚስተር ቲኬት በማዋጣት ላይ የተመሠረተ ነው፡፡ አውቶቡስ የሚጠቀመውም የማይጠቀመውም ተማሪ በምዝገባ ጊዜ እኩል ይከፍላል፤ በዚህም ምክንያት የእያንዳንዱ ድርሻ በጣም ትንሽ ይሆናል፡፡ ከእኛ ዕድር ጋር የሚመሳሰል አሠራር ነው፡፡ ብስክሌት የሚጋልበው ተማሪ ‹‹ለማልጠቀምበት ለምን እከፍላለሁ?›› ማለቱ አልቀረም፡፡ ጉዳዩ እስከ ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ደርሶ እ.ኤ.አ. በ2000 አሠራሩ ሕጋዊ ነው ተብሏል፡፡

እ.ኤ.አ. በሜይ 2023 በመላ ጀርመን የሚሠራው የወር ቲኬት በ49 ዩሮ ሲጀመር የፌዴራሉ መንግሥትና ክልሎቹ እያንዳንዳቸው በዓመት 1.5 ቢሊዮን ዩሮ ለመሸፈን ተስማሙ፡፡ ከ2024 ጀምሮ ተማሪዎቻቸው በጋራ ለገቡ ዩኒቨርሲቲዎች ይኸው ቲኬት ከመደበኛው ዋጋ 60 በመቶ ተደርጎ፣ በወቅቱ በወር 29 ዩሮ ከ40 ሳንቲም፣ ቀረበ፡፡ እዚህ ላይ ሁለቱ ኪሶች ተገናኝተዋል፤ ግብር ከፋዩም ተማሪውም ድርሻቸውን ይዘዋል፡፡

ቅናሹ የማይደርስበት ተማሪ

እስካሁን ያየናቸው አገሮች ሁሉ አንድ የጋራ ድክመት አላቸው፡፡ የታሪፍ ቅናሽ የሚጠቅመው አውቶቡስ የሚያልፍበት ሠፈር የሚኖረውን ተማሪ ነው፡፡ መኪና በማይደርስበት ገጠር ሁለት ሰዓት በእግሩ የሚሄድ ልጅ ግማሽ ዋጋ ቢባል፣ ነፃ ቢባል፣ የሚለወጥለት ነገር የለም፡፡ ለእሱ የሚያስፈልገው በአቅራቢያው የሚሠራ ትምህርት ቤት ወይም መንገድና መኪና ነው፡፡

በከተማም ቢሆን በዚያው ገንዘብ ምን ይሻላል የሚለው ጥያቄ ይነሳል፡፡ ለሁሉም ተማሪ ግማሽ ዋጋ ማድረግ፣ አባቱ በራሱ መኪና ሊያደርሰው የሚችለውንም ያካትታል፡፡ ለድሃ ተማሪ ብቻ ማድረግ ደግሞ ድህነትን በማስረጃ ማረጋገጥን ይጠይቃል፤ ልጁን በጓደኞቹ ፊት የሚያሳፍር አሠራርም ሊፈጥር ይችላል፡፡ ለዚህም ነው ብዙ ከተሞች ሀብታም ድሃ ሳይሉ ዕድሜን ወይም ዩኒፎርምን መለኪያ ያደረጉት፡፡ ያባክናል ቢባልም ለአፈጻጸም ይቀላል፡፡

አዲስ አበባስ?

በአዲስ አበባ የትራንስፖርት ድጎማ አዲስ ነገር አይደለም፡፡ የከተማ አውቶቡስ ለረጅም ዓመታት ከወጪው በታች በሆነ ታሪፍ ሲሠራ የኖረው ልዩነቱን የከተማው በጀት ስለሚሸፍን ነው፡፡ ይህ ድጎማ ተማሪውንም ነጋዴውንም እኩል ያገኛል፡፡ ከዚህ ሌላ ከአሥር ዓመት በፊት የተጀመረው የመንግሥት ሠራተኞች ሰርቪስ፣ ሠራተኛው መታወቂያውን እያሳየ ጠዋትና ማታ በነፃ እንዲጓዝ አድርጓል፡፡ እዚያ ላይ ጭቅጭቅ ያልተነሳው አውቶቡሶቹም ወጪውም የመንግሥት በመሆናቸው ነው፤ ከማንም ረዳት ኪስ የወጣ ነገር የለም፡፡

ሦስተኛው ምሳሌ የነዳጅ ድጎማው ነው፡፡ መንግሥት ሰኔ 29 ቀን 2014 ዓ.ም. አጠቃላዩን የነዳጅ ድጎማ ደረጃ በደረጃ ማንሳት ሲጀምር፣ ለሕዝብ ማመላለሻ ተሽከርካሪዎች ብቻ ተለይቶ በቴሌብር በኩል የሚከፈል ድጎማ ዘረጋ፡፡ አሠራሩ ብዙ ቢተችም አንድ ነገር አሳይቷል፤ መንግሥት ገንዘብን በሰሌዳ ለይቶ ለእያንዳንዱ መኪና ማድረስ ይችላል፡፡ ይሁንና ድጎማው የሚሄደው ወደ መኪናው ነበር፡፡ ባለንብረቱ በርካሽ ቀድቶ ሲያበቃ ተማሪውን ጥሎ ቢያልፍ የሚጠይቀው አልነበረም፡፡

አራተኛው ከትራንስፖርት ውጪ ነው፡፡ የከተማው አስተዳደር ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ምገባ፣ የደንብ ልብስና ደብተር ማቅረብ ሲጀምር አንድ መሠረታዊ ነገር ተቀብሏል፤ ትምህርት በነፃ ነው ማለት ብቻውን ልጅን ክፍል ውስጥ አያስቀምጥም፡፡ ቁርስ ሳይበላ የመጣ ልጅ እንደማይማረው ሁሉ፣ የታክሲ አጥቶ ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ የሚደርስ ልጅም አይማርም፡፡ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከነወጪ መጋራቱም ቢሆን በአብዛኛው የሚኖረው ግቢ ውስጥ ነው፡፡ በየቀኑ የመንገድ ወጪ የሚያስጨንቀው የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪው እንዲሁም ማታ የሚማረው ሠራተኛ ነው፡፡

እንግዲህ ለተማሪ ቅናሽ ቢታሰብ በከተማ አውቶቡስ ላይ ማድረጉ ብዙም አያስቸግርም፡፡ ባለቤቱ ከተማው ነው፡፡ የሚያስፈልገው ለተማሪ የወጣው ገንዘብ በአጠቃላይ ኪሳራ ውስጥ ተሸፍኖ እንዳይቀርና በበጀቱ ላይ ራሱን የቻለ መስመር እንዲኖረው ማድረግ ነው፡፡ ያለዚያ ድርጅቱ በየዓመቱ ከሳሪ ተብሎ ይወቀሳል፤ ለማን ሲል እንደከሰረ ግን አይታወቅም፡፡

አስቸጋሪው ነጭና ሰማያዊው ሚኒባስ ነው፡፡ ታሪፉን የሚያወጣው መንግሥት ነው፤ መኪናው ግን የግለሰብ ነው፤ ገቢውም የቀን ነው፡፡ ደረሰኝ የለም፡፡ ‹‹ዛሬ ሠላሳ ተማሪ ጫንኩ›› የሚል ረዳት ቢመጣ ማረጋገጫ አይኖርም፡፡ ያለማካካሻ ‹‹ተማሪ በግማሽ ጫን›› ብሎ ማዘዝ የዳካን ታሪክ መድገም ይሆናል፡፡ በማካካሻ እንክፈል ቢባል ደግሞ ሁለት ምርጫ አለ፤ ወይ ተማሪው በስልክ ወይም በካርድ እየከፈለ ጉዞው እንዲመዘገብ ማድረግ፣ ወይም እንደ ጀርመኖቹ በታሰበ ቁጥር ላይ ተስማምቶ በወር መክፈል፡፡ በሁለቱም መንገድ ክፍያው በቀኑ ካልደረሰ ሁሉም ነገር ይፈርሳል፡፡ የሦስት ወር ማካካሻ የተያዘበት ባለንብረት በአራተኛው ወር ተማሪ አይጭንም፡፡

ሌላው አማራጭ በተማሪ መግቢያና መውጫ ሰዓት መኪናን በኮንትራት መያዝ ነው፡፡ ሚኒባሱም ሆነ አውቶቡሱ በተሳፋሪ ቁጥር ሳይሆን በተመላለሰበት ጉዞ ይከፈለዋል፡፡ የለንደኑ አሠራር ትንሹ ቅጂ ማለት ነው፡፡ ጥቅሙ ቅናሽን ብቻ ሳይሆን ወንበርንም ማስገኘቱ ነው፡፡ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ በሠልፍ ለሚጋፋ ልጅ፣ ከግማሽ ዋጋው ይልቅ የተረጋገጠው ወንበር ሊበልጥበት ይችላል፡፡ ጉዳቱ ደግሞ ውድ መሆኑ ነው፤ በዚያው ሰዓት ሠራተኛው የሚሳፈርበትን መኪናም ይቀንሳል፡፡

የትኛውም ቢመረጥ፣ ወደፊት ‹‹ለተማሪዎች የትራንስፖርት ቅናሽ ተደረገ›› የሚል ዜና ሲሰማ አንባቢ ሊጠይቃቸው የሚገቡ ጥያቄዎች አሉ፡፡ ተማሪ የሚባለው ማን ነው፣ የማታውስ ይካተታል? በየትኛው መኪናና በየትኛው ሰዓት? ጉዞው በምን ይቆጠራል? ማካካሻው በስንት ቀን ይከፈላል? ከሁሉም በላይ ደግሞ ገንዘቡ በየትኛው የበጀት መስመር ላይ ተጽፏል?

የመጨረሻው ጥያቄ መልስ ካላገኘ ቅናሹን የሚከፍለው ማን እንደሆነ መገመት አያዳግትም፡፡ መጀመሪያ ረዳቱ ይከፍለዋል፡፡ ረዳቱ አልከፍልም ሲል ደግሞ፣ ደብተሩን በብብቱ ይዞ መኪናው ጥሎት ሲሄድ የሚያየው ልጅ ይከፍለዋል፡፡